«ተጠንቅቀህ ተንሸራተት»፦ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ የተሳሳቱ ትርጉሞችን እስከ ምንጫቸው ተከትሎ የማንበብ ዝርዝር መመሪያ

በቻይና ከተሞች በሆቴል መግቢያ፣ በባቡር ጣቢያ ወይም በገበያ አዳራሽ ገና በተወለወለ ወለል ላይ የሚቆም ቢጫ ማስታወቂያ አለ። በላዩ አራት የቻይንኛ ምልክቶች ተጽፈዋል፤ ከሥራቸው ደግሞ በእንግሊዝኛ «ስሊፕ ኬርፉሊ» ይላል፤ «ተጠንቅቀህ ተንሸራተት» ማለት ነው። ያየው ሁሉ ፎቶ አንስቶ ይስቅና ለወዳጁ ይልከዋል። መሳቁ ነውር የለውም። ይሁን እንጂ ከላይ የተጻፈው ቻይንኛ አንዳች ስህተት የሌለበት፣ አጭርና ግልጽ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የሚለውም «ወለሉ ያንሸራትታልና ተጠንቀቁ» ነው። መልእክቱ የተበላሸው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው፤ የተበላሸበትን ቦታ ደግሞ በትዕግሥት ከተከተሉት ብዙውን ጊዜ በትክክል ለይቶ ማግኘት ይቻላል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ቻይንኛ ለማያውቅ ሰው ነው። ዕቃ ለመግዛት ወደ ጓንዡ ወይም ወደ ዪዉ የሚመላለስ ነጋዴ፣ በቤይጂንግና በሌሎች ከተሞች የሚማር ተማሪ፣ እንዲሁም መርካቶ ገዝቶት ወደ ቤቱ ከወሰደው ዕቃ ካርቶን ውስጥ ያገኘው የአጠቃቀም ወረቀት ግራ ያጋባው ሁሉ ሊገለገልበት ይችላል። የሚያስፈልገው ካሜራ ያለው ስልክ፣ የቻይንኛ መዝገበ ቃላት አፕሊኬሽን፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ ማስታወቂያውን ከነቦታው ፎቶ ያንሱ

በስልክ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉት አስቂኝ ፎቶዎች ብዙዎቹ እንግሊዝኛው ብቻ እንዲታይ ተደርገው የተቆረጡ ናቸው። እንዲህ ያለው ፎቶ ለሳቅ እንጂ ለምርመራ አይጠቅምም። ቻይንኛው፣ ሥዕሉ፣ ማስታወቂያው የተለጠፈበት በር ወይም ግድግዳ ሁሉ በፎቶው ውስጥ ይግቡ። ለምሳሌ በአንድ የገበያ አዳራሽ በር ላይ በእንግሊዝኛ «ኤክስፖርት» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ ከጎኑ ያሉትን ሁለት ምልክቶች ይመልከቱ። የመጀመሪያው አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ ሁለት ተራሮችን ይመስላል፤ «መውጣት» ማለት ነው። ሁለተኛው ባዶ አራት ማዕዘን ነው፤ «አፍ» ማለት ነው። «ቹ ኮው» ተብለው በአንድነት ሲነበቡ «መውጫ» ይሆናሉ። እነዚሁ ሁለት ምልክቶች በንግድ ቋንቋ ሸቀጥን ወደ ውጭ አገር መላክንም ያመለክታሉ፤ መዝገበ ቃላት ገልጦ ያልሆነውን ትርጉም የመረጠ ሰው በሩን ላኪ ድርጅት አደረገው ማለት ነው። በሩ በፎቶው ውስጥ ካለ ይህ እንቆቅልሽ ገና ከመጀመሩ ይፈታል።

ፎቶው የተነሳበትን ከተማም መዝግበው ይያዙ። ከ1956 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቀለለ አጻጻፍ በዋናው ቻይና የተለመደ ሲሆን፣ ታይዋንና ሆንግ ኮንግ ግን የቀድሞውን አጻጻፍ እንደያዙ ናቸው፤ ይህ ልዩነት በአምስተኛው ደረጃ ላይ ወሳኝ ሆኖ ይመጣል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ወደ ስልክዎ ያስገቡ

ጽሑፉ ግልጽ ከሆነ የስልክ ካሜራ ያነበዋል። ቀለሙ የለቀቀ ወይም በብሩሽ ቅርጽ የተጻፈ ከሆነ ግን ምልክቱን በጣትዎ ስክሪኑ ላይ መሳል ይኖርብዎታል፤ «ፕሌኮ» የተባለውን የመሰሉ የቻይንኛ መዝገበ ቃላት በእጅ ጽሑፍ መፈለግ ያስችላሉ። ሲስሉ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሂዱ።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። የትርጉም ማሽኑ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ሊተረጉምልዎት ይፈልጋል። ለጊዜው አይፍቀዱለት፤ ማሽኑ የሚሰጥዎት የተዋሃደ መልስ ስለሆነ ስህተቱ በየትኛው ምልክት ላይ እንደተፈጠረ ይሸፍንብዎታል። ይልቁንም በወረቀት ላይ በአንድ መስመር አንድ ምልክት ብቻ እያደረጉ፣ ከጎኑ ድምፁንና መዝገበ ቃላቱ የሚሰጠውን ትርጉም ሁሉ ይጻፉ። «ሁሉ» የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ ሦስተኛና አራተኛ ቦታ ላይ የተቀመጠውን ትርጉም ያለፈ ሰው ብዙውን ጊዜ መልሱን ነው ያለፈው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የእያንዳንዱን ምልክት ትርጉም ከሌሎቹ ጋር ያገናኙ

ወደ ቢጫው ማስታወቂያ እንመለስ። አራቱ ምልክቶች «ሺያኦ፣ ሺን፣ ዲ፣ ኋ» ተብለው ይነበባሉ። የመጀመሪያው፣ ከታች ወደ ግራ የታጠፈ ቁም መስመር በመካከሉ፣ በግራና በቀኙ ደግሞ አንዳንድ ነጠብጣብ ያለው፣ «ትንሽ» ማለት ነው። ሁለተኛው «ልብ» ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ስለ ትንሽ ልብ አያወሩም፤ «ተጠንቀቅ» ይሆናሉ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ እኛም «ልብ በል» ስንል ሰውየው ልብ የተባለውን አካል በአፉ እንዲጠራ አይደለም የምንጠይቀው። አራተኛው ምልክት «የሚያንሸራትት» ወይም «መንሸራተት» ነው።

ጣጣው ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። «ዲ» ተብሎ ሲነበብ «መሬት» ወይም «ወለል» ነው። ይኸው ምልክት «ደ» ተብሎ ቀለል ባለ ድምፅ ሲነበብ ግን የራሱ ትርጉም የሌለው አገናኝ ይሆናል፤ ሥራውም ከፊቱ የቀደመውን ቃል ወደ ተውሳከ ግሥ መቀየር ነው፤ አማርኛ «በ»ን ጨምሮ «ጥንቃቄ»ን «በጥንቃቄ» እንደሚያደርገው ማለት ነው። በመጀመሪያው ንባብ ጽሑፉ «ተጠንቀቅ፤ ወለሉ ያንሸራትታል» ይላል። በሁለተኛው ንባብ ደግሞ «በጥንቃቄ ተንሸራተት» ይላል። ቻይናዊው አንባቢ እርጥቡን ወለል እያየ ስለሚያነብ ሁለተኛው ንባብ ወደ ሐሳቡም አይመጣም። ማሽን ወይም ከቢሮ ሆኖ የሚተረጉም ሰው ግን ወለሉን አያየውም።

የዚህ ማስታወቂያ ወንድሞች ብዙ ናቸው። በሐይቅ ዳር «ተጠንቅቀህ ውሃ ውስጥ ግባ»፣ ዝቅ ባለ ኮርኒስ ሥር «ጭንቅላትህን በጥንቃቄ ግጭ» የሚል ትርጉም ያላቸው የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ታይተዋል። እነዚህ የተበላሹት በአገናኙ ምክንያት አይደለም። ቻይንኛ «ሺያኦ ሺን» ካለ በኋላ አደጋውን በቀጥታ ይጠራል፤ «ተጠንቀቅ፣ ውሃ ውስጥ መውደቅ» እንደ ማለት ነው፤ አሉታ አይጨምርም። አማርኛ ግን «እንዳትወድቅ ተጠንቀቅ» ይላል፤ አሉታው የግድ ነው። እንግዲህ ከቻይንኛ የሚተረጉም ሰው በጽሑፉ ላይ የሌለውን «አት» ከራሱ አውጥቶ መጨመር ይኖርበታል ማለት ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው ራስን የሚጎዳ ነገር በጥንቃቄ እንዲፈጽሙ ካዘዘዎት፣ በመጀመሪያ «ትንሽ» እና «ልብ» የሚሉትን ሁለት ምልክቶች ይፈልጉ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ትእዛዝ ሳይሆን አደጋ ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ የቃላቱን ድንበር ያግኙ

ቻይንኛ በቃላት መካከል ክፍት ቦታ አይተውም። የእኛ ጸሐፍት በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ያኖሩ ነበር፤ ዛሬ ነጥቡ ቢቀርም ክፍት ቦታው አለ። ሁለቱም ባይኖሩ ኖሮ ሕፃናት የሚማሩባት «አበበ በሶ በላ» እንኳ «አበበበሶበላ» ተብላ ስትጻፍ ለጀማሪ ምን ያህል እንደምታስቸግር መገመት አያዳግትም። ቻይናውያን ራሳቸው ለዚህ ችግር የሚጠቅሱት የታወቀ ምሳሌ በናንጂንግ ከተማ የያንግትዜን ወንዝ ተሻግሮ በ1968 የተከፈተው ድልድይ ስም ነው። ስሙ በሰባት ምልክቶች ይጻፋል። ከሦስተኛው ምልክት በኋላ ከቆረጡት «የናንጂንግ ከተማ፣ የያንግትዜ ወንዝ ታላቅ ድልድይ» ይላል። ከአራተኛው በኋላ ከቆረጡት ደግሞ «የናንጂንግ ከንቲባ፣ ጂያንግ ዳቺያኦ» የሚል የሰው ስም ይወጣዋል፤ ምክንያቱም አራተኛው ምልክት እንደ አነባበቡ «ረጅም» ወይም «አለቃ» ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከመጀመሪያው ምልክት ተነሥተው አራቱን በአንድነት በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ይፈልጉ፤ ካልተገኘ ሦስቱን፣ ከዚያም ሁለቱን። የተገኘው ረጅሙ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው ነው፤ ሆኖም ቀሪዎቹ ምልክቶች ያለ ትርጉም ከተንጠለጠሉ ተመልሰው ቆረጣውን ይቀይሩ።

አምስተኛ ደረጃ፦ ሁለት ፊት ያላቸውን ምልክቶች ይለዩ

ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባ ይህኛው ነው፤ በዓለም ዙሪያ የታወቁት አሳፋሪ ስህተቶች በአብዛኛው ከጥቂት ምልክቶች የመነጩ ናቸውና።

የመጀመሪያው «ጋን» የሚባለው ነው። አጻጻፉ እጅግ ቀላል ነው፤ ሁለት አግድም መስመሮችና መካከላቸውን ይዞ የሚወርድ አንድ ቁም መስመር። በቀድሞው አጻጻፍ «ደረቅ» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጭረት ያለው የራሱ ምልክት ነበረው፤ «መሥራት» የሚለውም አሥራ ሦስት ጭረት ያለው ሌላ ምልክት ነበረው። አጻጻፉ ሲቀልል ሁለቱም ወደዚህች ሦስት ጭረት ብቻ ወዳላት ምልክት ተጠቃለሉ። ድምፃቸው እንኳ በቃና፣ ማለትም በድምፁ መውጣትና መውረድ፣ ይለያያል፤ በጽሑፍ ላይ ግን ቃና አይታይም። «መሥራት» የሚለው ቃል በመንገድ ቋንቋ ለወሲብ የሚውል ጸያፍ ትርጉም አለው፤ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የነበሩ አንዳንድ የትርጉም ሶፍትዌሮች ምልክቷን በተገኘችበት ሁሉ በዚሁ ጸያፍ ቃል ይተረጉሟት ነበር። ውጤቱም በየሱፐርማርኬቱ የደረቀ ፍራፍሬና የደረቀ እንጉዳይ መደርደሪያ ላይ በትላልቅ ፊደላት የተንጠለጠለ፣ እዚህ ልደግመው የማልችለው የእንግሊዝኛ ስድብ ሆነ። ማስታወቂያውን የሰቀለው ሠራተኛ ምንም አላጠፋም፤ በራሱ ቋንቋ «የደረቁ ምግቦች» የሚል ነው ያነበበው።

ይህን ወጥመድ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ በእኛም ቤት አለ። «ዋና» ሲጠብቅ አውራውን፣ ሲላላ ደግሞ ውሃ ውስጥ መዋኘትን ያመለክታል። «ዋና በር» የሚለውን ጽሑፍ ማሽን «የመዋኛ በር» ብሎ ቢተረጉመው ጥፋቱ ማስታወቂያውን በጻፈው የዘበኞች ኃላፊ ላይ ሊላከክ አይገባም።

ሁለተኛው «ሺንግ» ነው። «ባሕርይ» ማለት ነው፤ «ጾታ» እና «ወሲብ» ማለትም ነው፤ በቃል መጨረሻ ሲገባ ደግሞ ልክ እንደ አማርኛው «ነት» ያገለግላል። «አንድ»፣ «ጊዜ» እና ይህ ምልክት ሲገናኙ ቃል በቃል «አንድ ጊዜነት» ይሆናሉ፤ ትርጉሙም «ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል» ነው። የወረቀት ኩባያ፣ የሆቴል ነጠላ ጫማ፣ የእንጨት መመገቢያ ዘንግ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ። «ነት» በሚለው ፈንታ «ወሲብ» የሚለውን የመረጠ ተርጓሚ «የአንድ ጊዜ የወሲብ ዕቃ» የሚል የእንግሊዝኛ ምልክት በሱቅ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ።

በቤይጂንግ የቻይናን ብሔረሰቦች ባህል የሚያሳየው መናፈሻ በመንገድ ምልክት ላይ በእንግሊዝኛ «የዘረኞች መናፈሻ» ተብሎ የነበረውም ከዚሁ ወገን ነው። ቻይንኛው «ሚን ዙ» ይላል፤ «ብሔረሰብ» ማለት ነው። የሚገርመው እንግሊዝኛ ለዚህ ቃል የሚመች አቻ ለማግኘት የሚቸገረውን ያህል አማርኛ አይቸገርም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የምግብ ዝርዝር ከሆነ ወደ ድስቱ ይሂዱ

የምግብ ስም ከምልክት ማስታወቂያ የተለየ ጠባይ አለው። ስሙ ስለ ታሪክ፣ ስለ መልክ ወይም ስለ ባለሙያዋ እንጂ ስለ ሥጋው ላይናገር ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ምልክት በትክክል ቢተረጉሙም ውጤቱ ሊያስደነግጥ ይችላል። ቼንግዱ ከተማ የታወቀችበት አንድ ምግብ «ፉ ቺ ፌይ ፒየን» ይባላል፤ ቃል በቃል «የባልና ሚስት የሳንባ ቁራጭ» ነው። በእንግሊዝኛ የምግብ ዝርዝሮች ላይም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ሲጻፍ ኖሯል። ባልና ሚስቱ ግን አልታረዱም። በ1930ዎቹ ጉዎ ጃኦኋ እና ጃንግ ቲየንጀንግ የተባሉ ጥንዶች በዚያች ከተማ ይህን ምግብ እየሸጡ ታወቁበትና ምግቡ በ«ባልና ሚስት» ስም ተጠራ። ሳንባ የሚለው ቃል ደግሞ፣ እንደሚነገረው፣ «የተጣለ» ወይም «ተረፈ» የሚል ትርጉም ያለውን ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ቃል ተክቶ የገባ ነው፤ ምግቡ የሚሠራው ሌላው ከማይፈልገው የከብት ክፍል ነበርና። በዛሬው ሳህን ላይ የሚቀርበው በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ፣ ምላስና ጨጓራ በሚለበልብ የበርበሬ ዘይት ተለውሶ ነው። ምላስ ሰንበር ያደገበት ሰው ይህን ምግብ አይቶ እንግዳ ነው አይለውም።

የቤይጂንግ ከተማ አስተዳደር ከ2008 ኦሊምፒክ በፊት ጀምሮ ለምግብ ቤቶች ያዘጋጀውና ከ2,000 በላይ የምግብ ስሞችን የያዘው የተስተካከለ ዝርዝር ይህንን ምግብ «የበሬ ሥጋና ጨጓራ በበርበሬ ስጎ» በሚል አገላለጽ ተክቶታል። የዝርዝሩ አካሄድ ለእርስዎም ይሠራል፦ ዋናውን ግብዓት፣ የአበሳሰሉን ዘዴ፣ ስጎውን ወይም ቅመሙን ይጻፉ፤ ዓለም የለመዳቸውን እንደ ቶፉ ያሉትን ስሞች ግን እንዳሉ ይተዉ። «የተቃጠለ ቀይ የአንበሳ ራስ» የሚለው ጽሑፍ በዚህ መንገድ በአኩሪ አተር ስጎ ቀስ ብሎ የበሰለ ትልቅ የአሳማ ሥጋ ድብልብል ሆኖ ይገኛል፤ «ቀይ ማቃጠል» የአበሳሰል ዘዴው ስም ነው፤ «የአንበሳ ራስ» ደግሞ የቅርጹ። «የወሲብ ሕይወት የሌላት ዶሮ» የተባለችውም ለጋ ዶሮ ናት። እኛ «ቄብ» የምትባለውን የምናውቅ ሰዎች ሐሳቡ ወዴት እንደሄደ ወዲያው ይገባናል።

በእኔ ግምት ግን የቤይጂንጉ ዝርዝር አንዳንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ ያጸዳል። «ባልና ሚስት» የሚለው ስም ከምግቡ ተለይቶ መጥፋት አልነበረበትም፤ በአንድ መስመር ስሙን፣ ከሥሩ በትንሹ ማብራሪያውን መጻፍ ይቻላል። የምግብ ዝርዝር ለማረም ዕድል ከገጠመዎት እንዲሁ ያድርጉ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ቻይንኛውና እንግሊዝኛው ፈጽሞ ካልተገናኙ

አንዳንዴ የቱንም ያህል ቢመረምሩ ድልድይ አይገኝም፤ ምክንያቱም ትርጉም አልተካሄደም። በበርካታ ሰዎች ዘንድ የታወቀው የአንድ ምግብ ቤት ታላቅ ሰሌዳ በቻይንኛ «ምግብ ቤት» ይላል፤ በእንግሊዝኛ ግን «የትርጉም ሰርቨር ስህተት» ይላል። ማሽኑ መሥራት አለመቻሉን የገለጸበትን መልእክት ባለቤቱ ትርጉም መስሎት አስቀርጾታል። ይህ የቻይና ብቻ ችግር አይደለም፤ በ2008 በብሪታንያ የስዋንሲ ከተማ ከባድ መኪና እንዳይገባ የሚከለክል የመንገድ ምልክት በዌልስ ቋንቋ «አሁን ቢሮ የለሁም» የሚል ጽሑፍ ተጽፎበት ተተክሏል፤ ተርጓሚው በሌለበት የሚላከው የኢሜይል መልስ ነበር። እንዲህ ያለውን ሲያገኙ ቻይንኛውን ብቻ ተርጉመው ይለፉ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ስህተት ያልሆነውን ከስህተት ይለዩ

በመናፈሻዎች ሣር ላይ «ትንሿ ሣር ፈገግ ትላለች፤ እባክዎ በጎኗ ይዙሩ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ብታዩ አትቸኩሉ። ቻይንኛው «ሺያኦ ጻኦ ዌይ ዌይ ሺያኦ፣ ቺንግ ኒን ፓንግ ቢየን ራኦ» ነው። ይቁጠሩት፤ ሁለቱም ስንኞች አምስት አምስት ምልክት አላቸው፤ «ሺያኦ» እና «ራኦ» ደግሞ ቤት ይመታሉ። ይህ ግጥም ነው። እንግሊዝኛው አስቂኝ የሚሆነው ቤቱና ምጣኔው ሲቀሩ ሣሯና ፈገግታዋ ብቻቸውን ስለሚቀሩ ነው። እንግሊዝኛ ለሣር «አትርገጥ» ብሎ ያዛል፤ ቻይንኛ በግጥም ይለምናል። ተራ ትእዛዝ አድርጎ ማረሙ ስህተቱን እንደማስወገድ ሳይሆን ግጥሙን እንደ መደምሰስ ነው፤ የሚቻል ከሆነ ቤት የሚመታ ትርጉም ይፈልጉለት። በአማርኛ ብሞክረው «ሣሪቱ ፈገግ ብላለች፣ እንዳትረግጣት ትላለች» ወደሚል አካባቢ በደረስኩ ነበር።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ በዕቃ ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሆነ ከሳቅ በፊት ክልከላውን ይፈልጉ

እኅቴ መርካቶ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ገዝታ መጣች። ከካርቶኑ የወጣው ወረቀት በእንግሊዝኛ «እባክህ አይደለም ደረቅ ማቃጠል» የሚል ነገር ይላል። እርሷ «ደረቅ እንጨት ላይ አትጣዱት ማለት መሆን አለበት» ብላ አለፈችው፤ የሚሰካ ዕቃ እሳት ላይ የሚጥደው እንደሌለ ስለምታውቅ ምክሩ ለእርሷ እንዳልሆነ ገመተች። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ጣት የማይሞላ ውሃ አድርጋ ቡና ስታፈላ እንግዳ መጣባትና ጨዋታው ያዛት፤ ክዳኑ በደንብ ስላልተገጠመ ማፍያው በራሱ አልጠፋም፤ ሽታው ሳሎን ድረስ ሲመጣ ሥሩ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ተኮማትሮ አገኘችው።

ወረቀቱን ተቀብዬ ቻይንኛውን ተመለከትኩ። አራት ምልክቶች ነበሩ፦ «ቺንግ ዉ ጋን ሻኦ»። «ቺንግ» «እባክዎ» ነው፤ «ዉ» ክልከላ ነው፤ «ሻኦ» «ማቃጠል፣ ማፍላት» ነው። ሦስተኛውን ሳየው አወቅኩት፤ ያች ባለ ሦስት ጭረት ምልክት ነበረች፤ ዛሬ ግን በትክክለኛ ትርጉሟ፣ በ«ደረቅ»። «ጋን ሻኦ» ማለት ውሃ በሌለበት ማሞቅ ነው። መልእክቱ «ውሃ ሳይኖረው አይሰኩት» የሚል ነበር። የእንግሊዝኛው እያንዳንዱ ቃል ልክ ነበር፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ለገዢዋ ምንም አልነገሯትም።

ስለዚህ በዕቃ ላይ የሚከተሉትን በዓይንዎ ለይተው ይወቁ። «ጂን ጅ» ማለት «ክልክል ነው» ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምልክት ከላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዛፎች አሉት። «ቺንግ ዉ» ከላይ ያየነው «እባክዎ አይ…» ነው። «ዌይ ሺየን» አደጋ፣ «ዮው ዱ» መርዛማ፣ «ዪ ራን» በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ «ጋኦ ያ» ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ወይም ከፍተኛ ግፊት ነው። እንግሊዝኛው «አድርግ» እያለ ከቻይንኛው መስመር መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ዛፎች ካሉ፣ ዛፎቹን ይመኑ። ቮልት፣ ሊትርና ደቂቃ የሚገልጹ ቁጥሮችንም በሁለቱ ቋንቋዎች ያስተያዩ፤ በትርጉም ጊዜ አንድ መስመር ተዘሎ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በቁጥሮቹ ይታወቃል።

በዕቃ ስም ላይም ጥቂት ልጨምር። «ነጭ ዝሆን» የሚባል የታወቀ የሻንጋይ ባትሪ አለ፤ በቻይንኛ የጥንካሬ ምልክት የሆነ ያማረ ስም ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ነጭ ዝሆን» ማለት ወጪው የሚያስመርር፣ የማይጠቅም ንብረት ነው። ትርጉሙ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ትርጉሙ ያረፈበት አገር ነው።

አሥረኛ ደረጃ፦ ትክክለኛውን ይጻፉና ለባለቤቱ ያድርሱ

ምርመራው ሲያልቅ የተስተካከለውን እንግሊዝኛ ከራስዎ አይፍጠሩ። ለአብዛኛው የሕዝብ ማስታወቂያ የተለመደ አባባል አለ፤ ለእርጥብ ወለል፣ ለዝቅተኛ ኮርኒስ፣ ለደረጃ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ሁሉ የሚጻፈው ይታወቃል። ሻንጋይ ለ2010ሩ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ስትዘጋጅ የከተማዋ የቋንቋ ጉዳይ ኮሚሽን 600 በጎ ፈቃደኞች አሰማርቶ ከ10,000 በላይ የሕዝብ ምልክቶችን ያረመው በዚህ መንገድ ነበር። በሰኔ 2017 ደግሞ የቻይና መንግሥት ትራንስፖርትን፣ ሕክምናን፣ መዝናኛንና ፋይናንስን ጨምሮ 13 የአገልግሎት ዘርፎችን የሚመለከት ብሔራዊ የእንግሊዝኛ አጠቃቀም ደረጃ አውጥቶ ከታኅሣሥ 1 ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል፤ ከ3,500 በላይ የተለመዱ አገላለጾችንም ከነትርጉማቸው ይዟል። እርምትዎ ከዚህ ደረጃ ጋር ከተስማማ የሚከራከርዎ አይኖርም።

ማሽን ከተጠቀሙ ያገኙትን እንግሊዝኛ መልሰው ወደ ቻይንኛ ያስተርጉሙና ከመነሻው ጋር ያስተያዩ። ከ2016 ወዲህ የመጡት በነርቭ መረብ (ከብዙ ምሳሌ በሚማር የኮምፒውተር ዘዴ) የሚሠሩ ማሽኖች አረፍተ ነገሩን አሳምረው ያቀርባሉ፤ ስህተታቸው እንደ ቀድሞዎቹ ስለማያስቅ ከዓይን ይሰወራል፤ በዚህ ምክንያት ከድሮው ይልቅ ዛሬ መልሶ ማስተርጎም ይበልጥ ያስፈልጋል።

ለባለቤቱ ሲያደርሱ ደንበኛ ፊት አይናገሩ፤ ስልክዎን አውጥተው ፎቶውን እያሳዩም አይሳቁ። ቻይንኛውን እንዳለ፣ ከሥሩ የተስተካከለውን እንግሊዝኛ በትልቁ ጽፈው፣ ፊደሉ አንድ በአንድ ለማተሚያ ቤት ሊገለበጥ በሚችል ንጹሕ ወረቀት ላይ ያዘጋጁ። ሒሳብ ሲከፍሉ ወረቀቱን በሁለት እጅዎ ያቅርቡ፤ በቻይና በሁለት እጅ መስጠት በእኛ አገር ጎንበስ ብሎ እንደ መስጠት ያለ አክብሮት ነው። ከቻይንኛው ጽሑፍ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ እንዳልነኩ እንዲያይ፣ መጀመሪያ የላይኛውን መስመር በጣትዎ ያሳዩት።